ኦዴል እና የወፈረው ዳኛ

ኦዴል ስትሩፕ የእህቴ ባል ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ አንድ ገበታ እየቀረብን አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ጨው ስፈልግ ለእህቴ ለናዲን እነግራታለሁ፣ ናዲን ለእሱ ትነግረዋለች፣ እሱ ለእሷ ይሰጣታል፣ እሷ ደግሞ ለእኔ። የጨው ዕቃው ያለው ከክርኔ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ቢሆን እንኳ በዚሁ መንገድ ነው የሚመጣው። ከሁለት ዓመት በፊት ናዲን ስትሞት መልእክተኛ አጣንና በውሻው በኩል መነጋገር ጀመርን። ውሻው ዲያቆን ይባላል። ስሙን ያወጣችለት ናዲን ነች፤ የሚነቃው እሁድ እሁድ ብቻ ስለሆነ።

"ዲያቆን፣ ለዚያ ሰውዬ ድንቹን ወዲህ አሳልፍ በለው" እላለሁ።

"ዲያቆን፣ እጁ አልተቆረጠም፣ ራሱ ያንሳ በለው" ይላል ኦዴል።

ዲያቆን ሁለታችንንም ተራ በተራ አይቶ ይተኛል።

የዚህ ሁሉ ጦስ አንድ ቁራጭ እንጨት ነው። በብራሺ ፎርክ የስቶክ ካር እሽቅድምድም ማኅበር ሕግ የመወዳደሪያ መኪና ሆድ ከመሬት ቢያንስ አራት ኢንች ከፍ ማለት አለበት። ዝቅ ያለች መኪና መሬቱን ትጨብጣለች፣ ኩርባ ላይ ወዲያና ወዲህ አትልም፤ ስለዚህ ዝቅ ማድረግ የማይፈልግ ሹፌር በሰሜን ካሮላይና ምድር አልተወለደም። ማኅበሩ በ1971 ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ከተቃጠለችው ባፕቲስት ቤተክርስቲያን ወለል ላይ የተረፈ የኦክ እንጨት ቆርጦ አራት ኢንች ውፍረት ያለው ጉማጅ አበጀ። ስሙን "ዳኛው" አሉት። ከውድድር በኋላ ያሸነፈው መኪና ሲሚንቶው ላይ ይቆማል፣ ተቆጣጣሪው በሆዱ ተኝቶ ዳኛውን ከሥሩ ያሳልፋል። ካለፈ አሸንፈሃል። ከነካ ደግሞ ዕቃህን ሸክፈህ ቤትህ ትገባለህ።

ዳኛው በየዓመቱ መጋቢት ላይ፣ ወቅቱ ሲከፈት፣ በፕሬዚዳንቱ እጅ ቢጫ ቀለም ይቀባል። ፓስተሩ ይጸልይበታል፣ የአሳማ ትከሻ ይጠበሳል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ፕሬዚዳንት ሲለወጥም አሮጌው ለአዲሱ ዳኛውንና ብሩሹን ያስረክባል፤ አዲሱ የመጀመሪያውን ቅብ ሲቀባ ተሾመ ይባላል። ሌላው አገር ዘውድ አለው፣ እኛ ቢጫ ቀለም አለን።

ኦዴል የተወለደው በካልሲ ፋብሪካው ሰፈር ነው። አባቱ የሹራብ ማሽን ጠጋኝ ነበር፤ እሱም አሥራ ስምንት ሲሞላው እዚያው ገብቶ ፋብሪካው እስኪዘጋ ሠላሳ ዓመት የማሽን መርፌ ሲያቃና ኖረ። ከመቶ መርፌ አንዷ በፀጉር ስፋት ከተጣመመች ካልሲው ይተረተራል። እንዲህ ያለ ሥራ የሰውን ጠባይ ያቃናል ወይም ያደርቃል፤ ኦዴልን የቱን እንዳደረገው እስከ ዛሬ አልወሰንኩም። አንድ ጊዜ ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞት፣ የኋላ መብራትህ ተሰብሯል ብሎ በሰላም ሊሸኘው ሲል፣ "ጌታዬ፣ ከተፈቀደው ፍጥነትም አልፌ ነበር" ብሎ ራሱን ያስቀጣ ሰው ነው። ናዲን አጠገቡ ነበረች። "ያን ዕለት ወርጄ በእግሬ ልሄድ ምንም አልቀረኝ" ትለኝ ነበር።

በ1988 የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆይት ኪሊያን አዲስ ተቆጣጣሪ ሲፈልግ፣ "ጓደኛ የሌለው ሰው አምጡልኝ" አለ ይባላል። ሁሉም ጣቱን ወደ ኦዴል ቀሰረ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ኦዴልን ማየት ነው። ነጭ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ፣ ካርቶን አንጥፎ እንደ ገበሎ ይሳባል። ሥራው ሲያልቅ ብቻ ኮካ ከፍቶ ጨው ያለው ኦቾሎኒ ይጨምርበትና ቆሞ ይጠጣል። ያኔ ናዲን ሊቨርመሽ የሚሉት የአሳማ ጉበት ያለበት ዳቦ በፎይል ጠቅልላ እስከ ሜዳው በር ታመጣለት ነበር፤ እሱም ከሰው ፊት ሳያፍር ግንባሯን ይስማት ነበር። የሆይትን ልጅ፣ አዎ የገዛ ፕሬዚዳንቱን ልጅ፣ ሁለት ጊዜ አባሯል። በትርፍ ጊዜው የሚወዳደረውን ፓስተራችንንም አባሯል፤ በማግስቱ ፓስተሩ ስለ ምሕረት አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሰብክ ኦዴል ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ልክ ነው፣ ልክ ነው እያለ ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

እርግጥ ዳኛው ንፉግ ነው የሚሉ ነበሩ። "ቤቴ በሜትር ስለካት አራት ሆና፣ እዚህ ስመጣ ትነካለች" ይላሉ። አዋቂዎቹ ሜትራቸውን ትተው መኪናቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉ፣ ሞኞቹ በሜትራቸው ተማምነው ተባረሩ። አንዱ ደፋር "እስቲ እንጨቱ ራሱ ይለካ" ብሎ ሲጮህ ሆይት ለአንድ ዓመት አገደው። ዳኛውን መለካት ማለት ወንጌል ላይ እርሳስ ማንሳት ነው የሚመስለን። ማንም ደግሞ አልጠየቀም።

በ2002፣ በጥቅምት የመጨረሻ ቅዳሜ፣ እኔም እወዳደር ነበርና የዓመቱን ዋንጫ ለመውሰድ አንድ ድል ብቻ ቀርቶኝ ነበር። አሸነፍኩም። ኦዴል ካርቶኑን አነጠፈ፣ ዳኛውን አስገባ፣ ነካ። ሦስት ጊዜ ሞከረ። ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈና "ጋርላንድ፣ አላለፈም" አለኝ። የመለስኩለትን እዚህ አልጽፈውም፤ ዲያቆን ቢሰማው እንኳ ያፍራል። ዋንጫውን ከሌላ ካውንቲ የመጣ አንድ ጥርሰ ፍንጭት ወሰደው።

ለእናንተ አልዋሽም፣ ምንስ እጠቀማለሁ? መኪናዬ ሦስት ኢንች ከሦስት ሩብ ነበረች። ሐሙስ ዕለት ጋራዤን ቆልፌ የፊት ሞላዎቹን በገዛ እጄ ነው የቆረጥኳቸው። አጭበርብሬያለሁ። ያላጭበረበረ ማን አለ? የተናደድኩት ተበድዬ አይደለም፤ የእህቴ ባል ሆኖ ለአንድ ቀን ዓይኑን መጨፈን እንዴት ያቅተዋል ብዬ ነው። ናዲን ግን ቤቴ ድረስ መጥታ "እውነቱን ንገረኝ፣ ስንት ነበረች?" አለችኝ። የእናታችንን መጽሐፍ ቅዱስ አንስቼ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "አራት" ብዬ ማልኩላት።

አመነችኝ። ያን ክረምት የልብስ ስፌቷ ክፍል ውስጥ ተኛች። ሜዳው በር ላይ ዳቦ ይዛ መቆሟም ያኔ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ እግሯ ሜዳውን አልረገጠም። ሃያ ዓመት ሙሉ ኦዴል ቅዳሜ ቅዳሜ ደረቅ ብስኩት በላ፣ እኔ እሁድ እሁድ የእሷን ዶሮ በላሁ። ስትታመም የተኛችው ቤቷ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሾርባ ይዤ በኮሪደሩ ስመጣ ሰማኋት።

"ኦዴል፣ በጋርላንድ ላይ ተሳስቻለሁ በል። ለእኔ ብለህ። አንዴ ብቻ።"

"ናዲንዬ፣ አላለፈም እኮ" አላት።

ሾርባውን ይዤ እዚያው ቆምኩ። ሦስት እርምጃ ገብቼ ሦስት ቃል መናገር ነበር የሚጠበቅብኝ። ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ቆሜ ወደ ማድ ቤት መለስኩት። በአራተኛው ቀን አረፈች።

እንግዲህ ባለፈው መጋቢት ሆይት ኪሊያን ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ ፕሬዚዳንትነቱን ሊለቅ ሆነ። ዳሌው ተሰብሮ ነበር፤ ምላሱ ግን ምንም አልሆነችም። የተካው የልጅ ልጁን ዴላን ነው። ዴላ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ የምትሠራው አውሮፕላን ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ሲሆን ሥራዋ ብሎን እየለኩ ልክ ያልሆነውን መጣል ነው። ሰዉ ጉድ ፈላ አለ።

"ይቺማ ቀሚስ የለበሰች ኦዴል ነች!" አለ አንዱ።

"ቀሚስስ መች ትለብሳለች" አለ ሌላው።

በዚያው ዕለት ኦዴልም ሊሸለም ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመት ስላገለገለ ከነሐስ የተሠራ ሰሌዳ አዘጋጅተውለታል፤ ላዩ ላይ "አንድም ቀን ያልተሳሳተ" የሚል ተቀርጿል። ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ለሠርግ የሚያደርገውን ክራቫት አስሮ መጣ። እኔ እንደ ልማዴ ሥጋ ጠባሽ ነኝ። ቅዳሜ በቀትር፣ ሁለት መቶ ሰው ሳር ላይ ተቀምጦ፣ መድረኩ ላይ ሆይት ወንበር ይዟል፣ ዴላና ኦዴል ቆመዋል። ለሆይት ሥጋ በሳህን ይዤ ደረጃውን ስወጣ ሆይት ዳኛውን ለዴላ አስረከባት።

ዴላ ብሩሹን ቀለም ነክራ ልትቀባ ስትል ቆም አለች። የዳኛው አንዱ ጠርዝ ተሸርፎ ነበር፤ እዚያ ላይ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ቅጠል ተደራርቦ ይታያል። ሌላው ሰው ኪሱ ውስጥ ስልክ እንደሚይዘው እሷ ካሊፐር የሚባል የውፍረት መለኪያ ትይዛለች። አውጥታ ለካችው። ተንኮል አስባ አልነበረም፣ እጇ ለምዶባት ነው።

"አያቴ" አለች ቀስ ብላ። "አራት ከሩብ ነው።"

"ምኑ?"

"ዳኛው። ሃምሳ ሦስት ጊዜ ቀብታችሁታል፣ ከላይም ከታችም። ወፍሯል።"

ሆይት ማይክሮፎኑን በመዳፉ ሸፈነው። "ዝም ብለሽ ቀቢው።"

"አያቴ፣ በዚህ እንጨት ስንት ሰው ነው የተባረረው?"

"ዴላ ኪሊያን፣ ቀቢው አልኩሽ! ሰው እያየ ነው። ነገ ሌላ ይሠራል፣ ማንም አያውቅም። ኦዴል፣ ንገራት እንጂ! ሰሌዳህ እዚህ ተቀምጧል።"

የሰማነው አራታችን ብቻ ነን። ኦዴል ፊቱ አመድ መሰለ።

"ድገሚው እስቲ" አላት። ለካች። "አንዴ ጨምሪ።" ለካች።

"አራት ከሩብ ነው፣ ሚስተር ኦዴል። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

እውነቱን ልናገር፣ በመጀመሪያ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሃያ ሁለት ዓመት ያ የተቆለፈ አንገትጌ ሲላላ ለማየት ስመኝ ኖሬ! አሁን ይደብቃል፣ ያኔ እንደ ሁላችንም ሰው ይሆናል አልኩ በልቤ። ኦዴል ግን ባርኔጣውን አውልቆ ከሆይት እጅ ማይክሮፎኑን ወሰደ።

"ስሜ ኦዴል ስትሩፕ ነው" አለ። ሰዉ ሳቀ፤ የማያውቀው ማን አለና። "ዳኛው አራት ኢንች አይደለም። ቀለሙ አወፍሮታል። በየቅዳሜው ስይዘው አልለካሁትም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው ስለካ እሱን አንድ ቀን አልለካሁትም።"

ሳቁ ጠፋ። ኦዴል ከፍታ አንሷችኋል ብሎ ያባረራቸውን ሰዎች ስም መጥራት ጀመረ። ወረቀት አልያዘም። ዓመቱን፣ ወሩን፣ የመኪናውን ቁጥር ሁሉ። ፓስተሩ ሲጠራ "ሃሌ ሉያ!" ብሎ ተነሳ። የሆይት ልጅ ሲጠራ ሆይት ፊቱን አዞረ። የሞቱትንም ጠራ፣ እያንዳንዱን "ይቅር በለኝ" ይላል። አሥራ ሦስት ሰው ቆጠርኩ። አሥራ አራተኛው እኔ ነበርኩ።

"ጋርላንድ ሎውማን። ሁለት ሺህ ሁለት፣ የጥቅምት የመጨረሻ ቅዳሜ" አለ። ከዚያ ማይክሮፎኑን ዝቅ አድርጎ ወደኔ ዞረ። በውሻ አይደለም፣ በቀጥታ፣ ዓይን ለዓይን። "ጋርላንድ፣ ናዲን ልትሞት ስትል ለምናኝ እምቢ አልኳት። እሷ ልክ ነበረች። እሷንም አንተንም በድያለሁ።"

ዓይኑን በባርኔጣው ጠረገ። ያ ደረቅ ሰውዬ፣ ፖሊስ እንኳ ያላስለቀሰው!

ሰዉ ተነስቶ አጨበጨበልኝ። አንዱ ትከሻዬን መታ። ዴላ፣ ገና አንድ ቅብ እንኳ ያልቀባችው ፕሬዚዳንት፣ "የዋንጫው ቁም ሳጥን ላይ ያለው የ2002 አሸናፊ ስም ይስተካከላል" አለች። አስቡት እስቲ። ለዚህች ደቂቃ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ገላዬን ስታጠብ ሃያ ዓመት የተለማመድኩት። ስለ ትዕግሥት ይጀምርና በይቅርታ ያልቃል፤ መሃሉ ላይ ኦዴልን አንዲት ጠቅ የምታደርግም አለችበት።

ግን ኮሪደሩ ታየኝ። ሾርባው ታየኝ። እኔ ዝም ካልኩ ይህ ሰው የቀረውን ዕድሜውን "ሚስቴን በሞቷ ሰዓት በከንቱ እምቢ አልኳት" እያለ ሊኖር ነው። እምቢ ያላት ደግሞ በከንቱ አልነበረም። እጄ ላይ ያለውን ሳህን ሆይት ጭን ላይ አስቀመጥኩት።

"ሦስት ከሦስት ሩብ" አልኩ።

"ምን አልክ?" አለ ኦዴል።

"መኪናዬ። ሦስት ኢንች ከሦስት ሩብ ነበረች። ሞላዋን ቆርጬዋለሁ። ዳኛው ቢከሳም ቢወፍርም አታልፍም ነበር። በእኔ ላይ አልተሳሳትክም።"

ማይክሮፎኑ ክፍት ነበር፣ ሁለት መቶ ሰው ሰማ። መጀመሪያ የሳቀው ፓስተሩ ነው፣ ከዚያ ሜዳው በሙሉ። አንዱ ከኋላ "የምን ሌባ ነው ሥጋ የሚያበላን!" ብሎ ጮኸ። ኦዴል አልሳቀም። እየቀረበኝ መጣ፣ የሚመታኝ መሰለኝ፤ ቢመታኝ ደስ ባለኝ።

"በመጽሐፍ ቅዱስ ምለህላታል" አለ።

"ምያለሁ።"

"በእናታችሁ መጽሐፍ ቅዱስ።"

"አዎ፣ ኦዴል።"

"እንዳመነችህ ሞተች።"

ሰሌዳውን ሳይነካው፣ ባርኔጣውን አድርጎ ከመድረኩ ወረደ። ትከሻው ግን ስወጣ ካየሁት ቀና ያለ መሰለኝ። እፎይታም ንዴትም አንድ ላይ የሚሸከም ሰው ጀርባ ምን እንደሚመስል ያን ዕለት አየሁ። እኔ ወደ ሥጋ መጥበሻዬ ተመልሼ አለቀስኩ፤ የጠየቀኝን ሁሉ ጭሱ ነው አልኩ።

የማኅበሩን ነገር ባጭሩ ልጨርሰው። ዴላ አሮጌውን ዳኛ ሳትቀባ ቢሮዋ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው፤ አዲሱን ከአልሙኒየም አሠራች። አሥራ ሦስቱን ሰዎች፣ የሞቱትንም፣ መዝገብ ላይ መለሰቻቸው፤ እኔን ግን አይደለም። ሆይት ለአንድ ወር አኩርፏት ቆየ። ኦዴል ጡረታ ሊወጣ ሲጠይቃት "እርስዎ ከሄዱ ማን ያምነኛል?" አለችው። እሱም አዲሱ ዳኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ፊት እንዲለካ አስምሎ ቀረ። አሁን መጀመሪያ እንጨቱ፣ ማለቴ ብረቱ፣ ይለካል፣ ከዚያ መኪናው፤ ሰዉ ሲፎግረው ደግሞ "ኦዴል፣ ካሊፐሩንስ ማን ለካው?" ይለዋል። ቀልድ መስሏቸው ነው፤ ባለፈው ሳምንት ካሊፐሩን ወደ ላቦራቶሪ ልኮታል።

የዚያ ቅዳሜ ማግስት እሁድ ነበር። ልሂድ ልቅር እያልኩ እስከ ስድስት ሰዓት ጓሮዬን ዞርኩ። በመጨረሻ ሄድኩ። በሩ እንደ ሁልጊዜው ገርበብ ብሏል። ኦዴል ዶሮ ጠብሷል፤ የናዲን ዶሮ አይደለም፣ የጫማ ሶል ነው፣ ግን ጠብሷል። ሁለት ሳህን ተቀምጧል። ተቀመጥኩ። እስከዚያን ቀን የማልናገረው እኔ ነበርኩ፣ ያኮረፍኩት እኔ፣ በውሻው በኩል ማውራት የጀመርኩትም እኔ። ስለዚህ አፌን ከፍቼ በቀጥታ ልናገረው ፈለግኩ።

"ኦዴል" አልኩ።

ቀና ብሎም አላየኝ። ወደ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አለ።

"ዲያቆን" አለ፣ "ለዚህ ሰውዬ የማኩረፉ ተራ የእኔ ነው በለው። ሃያ ሁለት ዓመት አለኝ በለው።"

አሰላሁት። ሰማንያ ስድስት ዓመቴ ላይ ያልቃል። እሱ ደግሞ ዘጠና አምስት ይሆናል፤ በእልሁ እንደሚደርስ አልጠራጠርም።

"ዲያቆን" አልኩ፣ "እመጣለሁ በለው። እሁድ እሁድ ሁሉ እመጣለሁ በለው።"

ኦዴል ዶሮውን ቆረጠ። ትልቁን ብልት ሳህኔ ላይ አስቀመጠልኝና መብላቱን ቀጠለ።